ሰይፍ ሳይመዘዝ

አለን ካልሃመር የተባለ አሜሪካዊ በ1954 ነድፎት በ1959 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 500 ቅጂ በራሱ ገንዘብ ያሳተመው የጠረጴዛ ጨዋታ ስሙ «ዲፕሎማሲ» ነበር። ዳይስ የሚባል ነገር የለበትም። ሰባት ተጫዋቾች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩትን የአውሮፓ ኃያላን ተከፋፍለው በካርታ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ጥግ ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ፣ ይማማላሉ፤ ከዚያ ትእዛዛቸውን በወረቀት ጽፈው በአንድ ጊዜ ይገልጣሉ። ማን ቃሉን እንደጠበቀና ማን እንደከዳ የሚታወቀው ያኔ ነው። ይህን ጨዋታ ከወደዱት ወጣቶች መካከል በኋላ ተጫዋቹ የአንድ ገጸ ባሕርይን ቦታ ይዞ የሚጫወትበትን የሚና ጨዋታ ለዓለም ያበረከቱት ሁለቱ ሰዎች፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን፣ ይገኙበታል።

በካልሃመር ጨዋታ ላይ የሚለመነው ሰው ሥጋ ለባሽ ነው። የራሱ ጥቅም፣ የራሱ ጥርጣሬ፣ የራሱ ቂም አለው፤ እሺታውንም እምቢታውንም ከራሱ ያወጣል። ለዚህ ደንብ መጻፍ አያስፈልግም። ችግሩ የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የሚለመነው ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር የሌለው በር ጠባቂ፣ ሽፍታ ወይም ንጉሥ ሲሆን ነው።

በሚኒሶታ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች፣ የናፖሊዮንን ጦርነቶች በትንንሽ የወታደር ምስሎች የሚጫወት የወጣቶች ቡድን ነበር። ከመካከላቸው ዴቪድ ዌስሊ፣ ቻርልስ ቶተን የተባለ የአሜሪካ ጦር መኮንን በ1880 ያሳተመውን «ስትራቴጎስ» የተሰኘ የጦርነት ጨዋታ መጽሐፍ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አገኘ። መጽሐፉ በተፋላሚዎቹ መካከል ዳኛ ያስቀምጣል፤ ተጫዋች በደንቡ ያልተጻፈ ነገር ልሞክር ቢል ዳኛው አመዛዝኖ ይፈርዳል። ዌስሊ በ1969 ይህን ሐሳብ ይዞ ብራውንስታይን የተባለች ምናባዊ የፕሩሲያ ከተማ ፈጠረ። የሁለቱ ጦር አዛዦች ከከተማዋ እስኪደርሱ ሌሎቹ ተጫዋቾች ሥራ እንዳይፈቱ ለአንዱ ከንቲባነትን፣ ለሌላው የባንክ ባለቤትነትን፣ ለሌላው የዩኒቨርሲቲ ኃላፊነትን ሰጣቸው። እነሱም ተራ መጠበቁን ትተው በየጥጉ መደራደር፣ ማሴርና መዋሸት ያዙ። ሁለቱ እንዲያውም ተጣልተው ለፍልሚያ ሲፈላለጉ ለዚያ የተዘጋጀ ደንብ ስላልነበረ ዌስሊ እዚያው ላይ ፈጠረላቸው። የታሰበው ውጊያ ግን ሳይጀመር ቀረ። ዌስሊ ጨዋታው ተበላሸብኝ ብሎ አዘነ፤ ጓደኞቹ ድገመው እያሉ ወተወቱት።

ከተከታዮቹ ጨዋታዎች አንዱ በላቲን አሜሪካ ባለች ምናባዊ ሪፐብሊክ የተካሄደ ነበር። አርነሰን የደረሰው የአመፀኛ ተማሪ ሚና ነው። እሱ ግን የሐሰት መታወቂያ አዘጋጅቶ መጥቶ የሲአይኤ ሰላይ ነኝ ብሎ ሌሎቹን አሳመነ፤ በመጨረሻም የአገሪቱን ግምጃ ቤት ይዞ እንደወጣ ጓደኞቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል። ያሸነፈው በአንደበቱ ነው። የሚና ጨዋታ ገና ስም ሳይወጣለት ንግግር ከጦር መሣሪያ እኩል ኃይል እንደነበረው ይህ ታሪክ ይመሰክራል፤ የኋላው ዘመን ይህን ሲረሳ ማየት ያሳዝነኛል።

አርነሰን በ1971 ገደማ ብላክሙር የተባለ የራሱን ዓለም ከፈተ። ጀግኖቹ በቤተ መንግሥቱ ሥር ወዳለው ጨለማ ዋሻ ይወርዳሉ። እዚህ ላይ ትልቅ ለውጥ መጣ፦ ወደ ዋሻው የሚወርዱት ተጫዋቾች አንድ ወገን ሆኑ፤ በሌላው ወገን ያለውን ፍጡር ሁሉ፣ ከጭራቁ እስከ ነጋዴው፣ አንድ አጫዋች ብቻውን ያዘ። በብራውንስታይን ከንቲባው ራሱ ተጫዋች ነበር። በብላክሙር ግን ከንቲባው በአጫዋቹ አፍ ካልሆነ መናገሪያ የለውም። አጫዋቹ ሁሉን ጠላት ካደረገው ጨዋታው እርድ ይሆናል፤ ሁሉን ገር ካደረገው ደግሞ ዋሻው የሚያስፈራ መሆኑ ይቀራል። እንግዳውን ፍጡር መጥላትም መውደድም የሌለበት ዳኛ ያ ፍጡር ለሰላምታ ምን እንደሚመልስ በምን ይወስን?

የመጀመሪያው መልስ በጥር 1974 ታተመ። ጋይጋክስና አርነሰን የጻፉት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ከሌክ ጄኔቫ፣ ዊስኮንሲን፣ በ1,000 ቅጂ ሲወጣ ከስድስቱ የገጸ ባሕርይ መለኪያዎች አንዱ ግርማ ሞገስ ነበር። ከ3 እስከ 18 የሚደርሰው ይህ ቁጥር አንድ ጀግና ስንት ታማኝ ተከታይ ማፍራት እንደሚችል ይወስናል፤ ዝቅተኛው 1 ተከታይ ሲኖረው ባለ 18ቱ 12 ማስከተል ይችላል። ጠንቋይ የማረከችውን ጀግና ወደ አሳማ ትለውጠው ወይስ ወዳው ታስቀረው እንደሆነም ሞገሱ ሊወስን እንደሚችል መጽሐፉ ይናገራል። በዋሻ ውስጥ ለሚገጥም ፍጡር ደግሞ አጫዋቹ ባለ ስድስት ገጽ ሁለት ዳይስ ይጥላል፦ ከ2 እስከ 5 ክፉ ምላሽ፣ ከ6 እስከ 8 ማመንታት፣ ከ9 እስከ 12 በጎ ምላሽ። ጉቦ ከቀረበ፣ ፍጡሩ ከፈራ፣ ወይም ሁለቱ በሥነ ምግባር አንድ ወገን ከሆኑ ውጤቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ይኸው ነው፤ ጥቂት መስመር። ግን ያቺ ጥቂት መስመር የፍጡሩን ፊት ከአጫዋቹ ፍላጎት ለየችው። ጉቦ፣ ፍርሃትና ዝምድና ብላ ስትዘረዝርም ከተናጋሪው አንደበት ይልቅ የሰሚውን ልብ እየቆጠረች ነበር።

ሠንጠረዡ በ1977 ኤሪክ ሆልምስ ለጀማሪዎች ባዘጋጀው እትም ውስጥ ጠራ፤ በ1981 ቶም ሞልድቬይ ባዘጋጀው ደግሞ የመጨረሻ መልኩን ያዘ። 2 ቢወጣ ፍጡሩ ወዲያው ያጠቃል። ከ3 እስከ 5 ጠበኛ ነው፤ ሊያጠቃም ይችላል። ከ6 እስከ 8 ግራ ተጋብቶ ይቆማል። ከ9 እስከ 11 አያጠቃም፤ ትቶ ይሄዳል ወይም የቀረበለትን ሐሳብ ያጤናል። 12 ከወጣ በደስታ ወዳጅ ይሆናል።

በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከሁሉም ይበልጥ የምወደው እሱን ስለሆነ። ሁለት ዳይስ ሊያወጡ ከሚችሉት 36 መንገድ ወዲያው ወደ ጥቃት የሚወስደው አንዱ ብቻ ነው። አሥራ ስድስቱ ያመነታሉ፤ አሥሩ ከዚያ የተሻሉ ናቸው። ስለዚህ ከ36ቱ በ26ቱ ጨለማ ውስጥ የተገኘው አስፈሪ ፍጡር ቢያንስ ለአንድ አፍታ ይሰማል። ከፍተኛ ሞገስ ያለው ጀግና የሚጨምረው 2 ነጥብ፣ የጎደለው የሚቀነስበትም 2 ነጥብ ብቻ ነው፤ ግርማ ያግዛል እንጂ አያዝም። ሞልድቬይ በመጽሐፉ ባስገባው የጨዋታ ናሙና ላይ አንዲት ቡድን ሆብጎብሊኖች የተባሉ ጭራቆች ሲገጥሟት ኤልፍ ከተባለው የተረት ዘር የሆነው አንዱ ባዶ እጁን ዘርግቶ ሰላምታ ያቀርባል፤ ሌላዋ ደግሞ የተላክን ነን ብላ ትዋሻለች። ዳይሱ ክፉ ሆኖ ውጊያ ይጀመራል። ለጀማሪ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ከሰይፍ በፊት አፍ ይከፈታል።

መነጋገሩን አዋጭ የሚያደርግ ሌላ ደንብም ነበር። በዚያ ዘመን ጀግና የሚያድገው በዋናነት ባገኘው ሀብት ነው፤ ከዋሻ ይዞት የወጣው አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ የልምድ ነጥብ ያስገኛል። አንድ ሆብጎብሊን ገድሎ የሚገኘው 15 ነጥብ ነው፤ እሱም ለቡድኑ ይካፈላል። አዲስ ተዋጊ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለማለፍ 2,000 ነጥብ ይፈልጋል፤ ሰውነቱ የሚሸከመው ጉዳት ደግሞ ቢበዛ 8 ነጥብ ገደማ ነው። ለ15 ነጥብ ብሎ ሕይወቱን የሚያስይዝ ብልህ የለም። ጉቦ ከፍሎ ማለፍ፣ አንዱን ጎሳ በሌላው ላይ ማነሣሣት፣ መንገድ መጠየቅ፣ እነዚህ ሁሉ ከመግደል ይበልጥ ያተርፉ ነበር።

የ1970ዎቹ መጨረሻና የ1980ዎቹ ሌሎች ጨዋታዎች ንግግርን ወደ ችሎታ ለወጡት። በ1978 የወጣው «ሩንክዌስት» የንግግር ችሎታን በመቶኛ ይለካል፤ በ1983 የወጣው የጄምስ ቦንድ ጨዋታ ማሳመንን፣ ማማለልንና ምርመራን ለየብቻ ደንብ አበጀላቸው። ለሰላዮች ዓለም የሚገባ ነው። «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ራሱ በ1989 ሁለተኛውን የተራቀቀ እትም ሲያወጣ ወርቅን ወደ ልምድ ነጥብ የሚመነዝረው ደንብ በአጫዋቹ ፈቃድ ብቻ የሚሠራ አማራጭ ሆነ። ጠላትን ማሸነፍ ዋና የዕድገት መንገድ እየሆነ ሲመጣ የምላሽ ሠንጠረዡ በመጽሐፉ ውስጥ ቢኖርም የሚጠቀምበት ሰው እያነሰ ሄደ። ይህ ለእኔ በታሪኩ ውስጥ ትልቁ ጉዳት ነው። በር ሲከፈት ሰይፍ መምዘዝ ልማድ የሆነው ሰላም የሚያስገኘው ጥቅም ስለቀረ ነው።

በ1997 ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለ ድርጅት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን ያሳትም የነበረውን የጋይጋክስን የቀድሞ ድርጅት ገዛ። ሞንቲ ኩክ፣ ጆናታን ትዊትና ስኪፕ ዊሊያምስ የነደፉት ሦስተኛው እትም በ2000 ወጣ፤ ዲፕሎማሲም ራሱን የቻለ ችሎታ ሆነ። በዚህ እትምና በ2003 በታረመው ውስጥ የአጫዋቹ ገጸ ባሕርያት ስሜት በአምስት ደረጃ ተሰደረ፦ ጠበኛ፣ ፊት ነሺ፣ ደንታ የሌለው፣ ወዳጅ፣ አጋዥ። ተጫዋቹ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ጥሎ የችሎታ ነጥቡን ይደምራል። ጠበኛውን ፊት ነሺ ለማድረግ 20፣ ደንታ የሌለው ለማድረግ 25፣ ወዳጅ ለማድረግ 35፣ አጋዥ ለማድረግ 50 ያስፈልጋል። ደንታ የሌለውን ሰው ወዳጅ ለማድረግ 15 ይበቃል። ሥራው አንድ ደቂቃ ንግግር ይጠይቃል፤ የቸኮለ 10 ነጥብ ተቀንሶበት በስድስት ሴኮንድ ሊሞክረው ይችላል።

ደረጃዎቹን እወዳቸዋለሁ። ሰው ከጥላቻ ወደ እርዳታ በአንድ ዝላይ እንደማይደርስ፣ መካከል ላይ ቅዝቃዜና ዝምታ እንዳሉ ያሳያሉ። ስሌቱ ግን ቀዳዳ ነበረው፤ ተጫዋቾችም ወዲያው አገኙት። ሰባተኛ ደረጃ የደረሰ፣ እናቱ ወይም አባቱ ኤልፍ የሆነ አዝማሪ እንውሰድ። ከችሎታው 10፣ ከሞገሱ 4፣ ከሦስት ተዛማጅ ችሎታዎች 6፣ ከዘሩ 2፣ ከሁለት ልዩ ስጦታዎች 5፤ በድምሩ 27። ዳይሱ 8 እና ከዚያ በላይ ባወጣ ቁጥር፣ ማለትም ከመቶ በ65ቱ፣ ጠላቱን በአንድ ደቂቃ ወዳጁ ያደርገዋል። ያው 8 በቸኮለው ሙከራ ላይ ቢወጣ በስድስት ሴኮንድ ውስጥ ሊገድለው የመጣውን ሰው ደንታ የሌለው መንገደኛ ያደርገዋል። የሚያናግረው ተራ ወታደር ይሁን ሺህ ዓመት የኖረ ዘንዶ፣ የሚጠየቀው ቁጥር አንድ ነው። በ2002 የወጣው የላቁ ጀግኖች መጽሐፍ እንዲያውም ከአጋዥ በላይ ስድስተኛ ደረጃ ጨመረ፤ 150 ማምጣት የቻለ ጠላቱን ሕይወቱን እስከ መስጠት የሚደርስ አክራሪ ተከታይ ማድረግ ይችላል።

በ1974ቱ መስመር ላይ የነበሩት ጉቦ፣ ፍርሃትና ዝምድና የት ሄዱ? አዲሱ ሠንጠረዥ ለሰሚው ምን እንደቀረበለት፣ ማንን እንደሚፈራ፣ ምን እንደሚያጣ አይጠይቅም። የተናጋሪው ቁጥር ሁሉን ሸፈነው። ሰሚው ፈቃድ የሌለው የቁልፍ ቀዳዳ ሆነ።

ይህን መጀመሪያ በግልጽ ከተናገሩት አንዱ «ዘ ኦርደር ኦቭ ዘ ስቲክ» የተባለውን አስቂኝ የሥዕል ታሪክ የሚሠራው ሪች በርሉ ነው። ለራሱ ጠረጴዛ ደንቡን ከሥሩ ጻፈው። በእሱ ደንብ ዲፕሎማሲ ስሜት መለወጫ መሆኑ ቀርቶ አንድ የተወሰነ ስምምነት ማቅረቢያ ይሆናል። የሚያስፈልገው ቁጥር ከ15 ይጀምራል፤ የሰሚው ደረጃና ማስተዋል ይደመሩበታል፤ ከዚያ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚተዋወቁና ስምምነቱ ለሰሚው ከአደጋው ይልቅ ጥቅሙ ያይል እንደሆነ ይታያል። የቅርብ ወዳጅ መጥፎ ስምምነት ይዞ ቢመጣ ሊከብደው ይችላል፤ መሪር ጠላት ግሩም ስምምነት ቢያቀርብ ሊሳካለት ይችላል። ሰሚው ወደ ስሌቱ ተመለሰ።

ሉክ ክሬን በ2005 ባሳተመው የተሻሻለ «በርኒንግ ዊል» ውስጥ ያስገባው የቃላት ፍልሚያ ከዚህም ርቆ ሄደ። ሁለቱ ወገኖች ክርክሩ ሳይጀመር እያንዳንዳቸው ምን እንደሚፈልጉ በግልጽ ያስይዛሉ። ከዚያ ነጥብ ማቅረብ፣ ማስተባበል፣ ማጣጣል፣ ማድበስበስ እያሉ እንቅስቃሴያቸውን በስውር ይመርጣሉ። ያሸነፈውም ቢሆን በክርክሩ ከተጎዳ አንድ ነገር መልቀቅ አለበት። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ደንቡ በተጫዋቹም ላይ መሥራቱ ነው፤ ጀግናው ከተረታ ቃሉን ያከብራል። እስከዚያ ድረስ በብዙ ጨዋታ ላይ የሚሳመኑት የአጫዋቹ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ለማሳመን የተዘጋጀ ሰው ለመሳመንም መዘጋጀት አለበት የሚለውን ሐሳብ እንዲህ በድፍረት የያዘ ሌላ የዚያ ዘመን መጽሐፍ አላውቅም።

የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አራተኛ እትም በ2008 ሲወጣ አንድ የዳይስ ጣለት ሁሉን የሚጨርስበትን መንገድ ዘጋ። ድርድር የብዙ ሙከራዎች ድምር ሆነ፤ ቡድኑ በጋራ የተወሰነ ቁጥር ያለው ስኬት ከውድቀቱ በፊት መሰብሰብ አለበት። ቀላሉ 4 ስኬት፣ ከባዱ 12 ይጠይቃል፤ ድርድሩን የሚያፈርሰው የውድቀት ቁጥር ብዙም ሳይቆይ በወጣ እርማት ለሁሉም 3 ሆነ። በአጫዋቹ መጽሐፍ የተሰጠው ናሙና ከአንድ መስፍን ጋር የሚደረግ ድርድር ነው፤ ጀግኖቹ ሊያስፈራሩት በሞከሩ ቁጥር ያለ ምንም ጣለት ውድቀት ይቆጠርባቸዋል። መስፍኑ ባሕርይ አለው ማለት ነው። በጠረጴዛ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ወደ ቆጠራ ይወርድ ነበር፤ ተጫዋቾቹ መስፍኑን ትተው የቀረውን ስኬት ያሰላሉ።

ፓይዞ የተባለው አሳታሚ በ2009 ያወጣው «ፓዝፋይንደር» የድሮዎቹን አምስት ደረጃዎች ጠብቆ ልጓም አበጀላቸው። የሚያስፈልገው ቁጥር ላይ የሰሚው ሞገስ ይደመራል። ስሜቱ በአብዛኛው ከሁለት ደረጃ በላይ አይነቃነቅም፤ ለውጡም ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ ይበርዳል። በ5 ወይም ከዚያ በላይ የተሳሳተ ሰሚውን ያስቀይማል። ያንኑ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደግሞ መሞከር አይቻልም፤ በውጊያ መካከልም ዲፕሎማሲ የለም። የአዝማሪው የስድስት ሴኮንድ ተአምር እዚህ ላይ አበቃ።

በ2010 ቪንሰንት ቤከር በ«አፖካሊፕስ ወርልድ» ወደ ሁለቱ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ተመለሰ። አንድን ሰው ለመጠምዘዝ የሚፈልግ ተጫዋች 10 እና ከዚያ በላይ ካወጣ ቃል መግባቱ ይበቃዋል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ሰውዬው ቃሉን አያምንም፤ አሁኑኑ የሚጨበጥ ማረጋገጫ ይጠይቃል። በ2012 የተከተለው «ደንጀን ወርልድ» ከዳይሱ በፊት አንድ መሰናክል አቆመ፦ መደራደር የሚችለው ሰሚው የሚፈልገው ወይም የሚፈራው ነገር በእጁ ያለ ብቻ ነው። ባዶ እጁን የመጣ ሰው የቱንም ያህል ቢያምርበት ዳይስ አይነሣለትም። ጉቦና ፍርሃት በዘመኑ ቋንቋ ተመልሰው መጡ።

በ2014 የወጣው የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» አምስተኛ እትም የዲፕሎማሲን ስም ትቶ ማሳመን ብሎ ጠራው፤ አምስቱንም ደረጃ ወደ ሦስት አወረዳቸው፦ ወዳጅ፣ ደንታ የሌለው፣ ጠበኛ። ትልቁ ለውጥ ግን ጣለቱ የሚወስነው ነገር ነው። ወዳጅ የሆነ ሰው 20 ቢመጣለት ከባድ አደጋ ይቀበላል። ጠበኛው ግን ያው 20 ቢመጣም የተጠየቀውን የሚያደርገው አደጋ ወይም መሥዋዕትነት ከሌለው ብቻ ነው፤ በ10 ደግሞ አይረዳም፣ አይጎዳምም። ጠላት ከዳይሱ በኋላም ጠላት ነው። ስሜቱን ለጊዜው እንኳ ማነቃነቅ የፈለገ ተጫዋች የሚያምንበትን፣ የሚሳሳለትን ወይም የሚሸነፍለትን ነገር በንግግሩ ውስጥ መንካት አለበት፤ ያን ለማወቅ ደግሞ መጀመሪያ ማዳመጥ ይኖርበታል።

«ፓዝፋይንደር» በ2019 በወጣው ሁለተኛ እትሙ የሚታገሉትን ቁጥር ከሰሚው የፈቃድ ጽናት ጋር አሰረው። በ2020 የአጫዋቾች መመሪያው ያቀረበው የተጽዕኖ ደንብ ደግሞ ሁለት ዓይነት ተግባር አለው፤ አንዱ መናገር፣ ሌላው ስለ ሰውዬው ማወቅ። ለእያንዳንዱ ታላቅ ሰው አጫዋቹ ምን እንደሚያለሰልሰው፣ ምን እንደሚያስቆጣው፣ በየትኛው ወሬ ልቡ እንደሚከፈት አስቀድሞ ይጽፋል። ጊዜው የተወሰነ ነው፤ ሁሉም ተጫዋች ቢናገር የሚያውቅ አይኖርም። በአገራችን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሰውዬው ዘመድ ማን እንደሆነ፣ የማንን ቃል እንደሚያከብር፣ በምን እንደተቀየመ የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው፤ ደንቡን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ እሱ ነበር።

በ2024 የታደሰው የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተጫዋቾች መጽሐፍ ጉዳዩን አጠር አድርጎ ቋጨው። አጫዋቹ መጀመሪያ የሰሚውን ፈቃድ ይመረምራል። የተጠየቀው ከፍላጎቱ ጋር ከተስማማ ያለ ዳይስ እሺ ይላል። ከፍላጎቱ ጋር ከተጣላ ያለ ዳይስ እምቢ ይላል። ዳይስ የሚነሣው ካመነታ ብቻ ነው፤ የሚያስፈልገውም 15 ወይም የሰሚው የማሰብ ችሎታ ቁጥር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። ወዳጅነት ጣለቱን ያቀላል፣ ጠላትነት ያከብደዋል። ያልተሳካለት ያንኑ ጥያቄ በዚያው መንገድ እንደገና ለማቅረብ 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት።

ባለ 27 ነጥቡ አዝማሪ በዚህ ደንብ ፊት ቀርቦ ንጉሡን ዙፋንህን ልቀቅልኝ ቢለው መልሱ እምቢ ነው፤ ዳይሱም ከጠረጴዛው አይነሣም። ጥያቄውን ቀይሮ፣ ንጉሡ ራሱ ሲያቅማማበት የቆየ አንድ ጉዳይ ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል።